አቡጀዴና ፕሮጀክተር፦ ስምንት ቀን በወላይታ መንገድ

ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ

ነገ እንወጣለን። ዛሬ ዕቃ ስንቆጥር ዋልን። አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር፣ አንድ ሞንታርቦ፣ ሃምሳ ሜትር የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ሁለት ማይክ፣ አምስት ፍላሽ። ስክሪን የሚባለው ነገር ዋጋው አይቀመስም። መርካቶ ወርደን አቡጀዴ ገዛን። ልብስ ሰፊው ጠርዙን አጥፎ ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ አበጀለት። "ለሰርግ ነው?" አለኝ። "ለፊልም" አልኩት። ሳቀና አስር ብር ቀነሰልኝ።

የምሰራው አንዲት ትንሽ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ነው። ስሟ ይቅርብኝ፤ ወደ ታች የማማርረው ነገር ስላለ። ስራችን ዝሆኔ ላይ ነው። በሳይንሱ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ በባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ከመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት። በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደያዘው ይገመታል።

ፍላሾቹ ውስጥ ሁለት ፊልም አለ። አንዱ 26 ደቂቃ ነው፤ አዲስ አበባ የተቀናበረ፣ ድሮን ያለው፣ ክራር ያለው፣ የሚያስለቅስ። ሁለተኛው 11 ደቂቃ ነው። አምና አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛ በስልኳ የቀረጸችው፣ በወላይትኛ። ድምፁ አልፎ አልፎ ንፋስ ይገባበታል። ከቢሮ የተሰጠን ትዕዛዝ "ትልቁን አሳዩ" የሚል ነው። ትንሹን የያዝኩት እንዲያው ለክፉ ቀን ብዬ ነው።

እሁድ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሶዶ

በጠዋቱ ወጣን። በዓለም ገና አድርገን የቡታጅራን መንገድ ያዝን። ጥቅምት ስለሆነ ሜዳው ሁሉ ጤፍ ነው። ጢያ ስንደርስ ሾፌራችን ትክል ድንጋዮቹን በአገጫቸው እያሳዩ "ዩኔስኮ የመዘገበው ነው" አሉኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1980። አልቆምንም። ጄኔሬተሩ ከኋላ ቤንዚን እየሸተተ ስለነበር መቆም ሳይሻል አልቀረም፤ ግን ለሾፌራችን እሁድ መድረስ የክብር ጉዳይ ነው።

እኚህ ሾፌር ድርጅቱ ውስጥ ከማንም በላይ ፊልም ሲያሳዩ የኖሩ ሰው ናቸው። ማይክ ይዘው አያውቁም፤ ግን ሁሉንም ከመኪናው ሆነው ያያሉ። ወራቤን ስናልፍ "ሰው ትምህርት ሊያይ አይመጣም፤ ታሪክ ሊያይ ነው የሚመጣው" አሉኝ። ምሳሌያቸው "ድፍረት" ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ በሚካሄደው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው፣ ስለ ተጠለፈችው ልጅና ስለ ጠበቃዋ የሚያወራው ፊልም። "ጠለፋ ወንጀል ነው ብለህ ብትሰብክ ማን ይሰማሃል? ልጅቷን ስታይ ግን የራስህ ልጅ ትመጣብሃለች" አሉ። ልክ ናቸው። እኔ ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚሆን ፊልም ሜዳ ላይ ሕፃን ላዘለች እናት እንዴት ይታያል ብዬ ተከራከርኩ። ሆሳዕና እስክንደርስ አልተስማማንም። ክትፎው አስታረቀን።

ምግቡ ላይ እያለን አንድ ነገር አነሱ። አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ "ሰይጣን ቤት" ይለው ነበር። ከግድግዳ ሰው የሚወጣበት ቤት ሌላ ምን ይባላል? "አሁን ደግሞ ሰይጣኑን በመኪና ይዘነው እንዞራለን" ብለው ሳቁ።

ሶዶ የገባነው ሲመሽ ነው። ዳሞታ ተራራ ጫፉ ላይ ደመና ጠምጥሟል።

ሰኞ፣ ወላይታ ሶዶ

ደብዳቤ። ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ። ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ፤ እያንዳንዱ ማኅተም ያለበት። ያለ ደብዳቤ በጀሪካን ቤንዚን አይቀዳም። ያለ ቤንዚን ጄኔሬተር አይነሳም። የመንገድ ዳር ነጋዴ በሃይላንድ ይሸጣል፤ ደረሰኝ ግን የለውም፤ ደረሰኝ ከሌለ ደግሞ ፋይናንስ አይከፍልም። ስለዚህ ማደያ ሰልፍ ይዘን አራት ሰዓት ቆምን።

እዚያ ሰልፍ ላይ አንድ የባጃጅ ሾፌር ስለ ስራችን ጠየቀኝ። ነገርኩት። "የአያቴ እግር እንደዚያ ነበር" አለ። ከዚያ ድምፁን ቀነስ አድርጎ "በዘር ነው አይደል?" አለኝ።

ይህን ጥያቄ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ትልቁ ፊልማችን የሚመልሰው ቁርጥ አድርጎ ነው፤ "በዘር አይተላለፍም።" ችግሩ፣ መልሱ ሙሉ እውነት አይደለም። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ኢትዮጵያ ውስጥ ሰርቶ በሽታውን ከአፈሩ ጋር አገናኘው፤ ስሙንም ያወጣው እሱ ነው። ከእሳተ ገሞራ የመጣው ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ማዕድናት በእግር ቆዳ ይገባሉ፤ ከእግር ፈሳሽ የሚመልሰውን የሊምፍ መስመር ያስቆጣሉ፤ እግሩ ያብጣል። ግን እዚያው አፈር ላይ በባዶ እግር ያደገ ሰው ሁሉ አይታመምም። እነ ፋሲል ተኮላ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለበሽታው የተጋለጠ መሆኑን አሳየ። ስለዚህ "ቤተሰብ ውስጥ ይታያል" የሚሉት እናቶች ዓይናቸው አልዋሸም። የሚሳሳቱት ቀጥሎ ባለው ነው፤ "ስለዚህ ምንም ማድረግ አይቻልም፣ ከዚያ ቤት ሴት አታግባ" ሲሉ። አፈሩ እግሩን ካልነካው በሽታው አይመጣም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ለባጃጅ ሾፌሩ ይህን ሁሉ አወራሁለት። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ጊዜ ነበረን። "እንደዚህ ብትሉ ኖሮ እኮ ይገባናል" አለ።

ማክሰኞ፣ ከአረካ ወጣ ያለች ቀበሌ

የቀበሌዋን ስም አልጽፍም። የማወራው ሰዎች ያፈሩበትን ነገር ነው።

ከአረካ ወጥተን ጥቂት በኮረኮንች ሄድን። ዙሪያው እንሰት፣ ቦይና፣ ሸንኮራ አገዳ። አፈሩ ቀይ ነው፤ የመኪናው ጎማ ብቻ ሳይሆን የልጆቹ እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ቀይ ነው። አቡጀዴውን በሁለት ባሕር ዛፍ መሐል ወጠርነው። ሞንታርቦው ሲሞከር ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ተጠራ። አንድ ሦስት መቶ ሰው ይሆናል፤ ግማሹ ልጅ። ሊቀመንበሩ ንግግር አደረጉ። ታማሚዎቹን ደግሞ "ክብራችሁ ነው" ብለን ከፊት አግዳሚ ላይ አስቀመጥናቸው።

የዛሬው ስህተት የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ትልቁ ፊልም ተጀመረ። ድሮኑ ሲነሳ ሕዝቡ "ዋ!" አለ። ከዚያ ክራሩ ገባ። ከዚያ እግር መጣ። አቡጀዴውን ሙሉ የያዘ፣ የተሰነጠቀ፣ ፈሳሽ ያለው እግር። ካሜራው አይነሳም። ቀጥሎ ሌላ እግር። ተራኪው በሚያምር የራዲዮ አማርኛ "አስከፊ ስቃይ" እያለ ይቀጥላል። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ። ከመሐል አንዱ የፊት ረድፉን እያየ በወላይትኛ የሆነ ነገር ተናገረ፤ ሳቁ ባሰ። ትርጉሙን አልጠየቅኩም፤ ገብቶኛል።

ፊት ያስቀመጥናቸው ሰዎች አንድ በአንድ ተነሱ። አንዲት ሴት ነጠላዋን እግሯ ላይ ጥላ ትንሽ ቆየች። ከዚያ እሷም ሄደች። መጨረሻ የቀሩት አንድ አዛውንት ነበሩ። በዱላቸው ተደግፈው ወደ እኔ መጡ። በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፦

"ልጄ፣ የእኛን እግር ለእኛ ለማሳየት ነው ከአዲስ አበባ የመጣችሁት?"

ምንም አልመለስኩም። ሾፌሩ ከመኪናው ወርደው ጄኔሬተሩን አጠፉት። እኔ አላዘዝኳቸውም።

ሌሊቱን አልተኛሁም። የሪፖርት ቅጹ ላይ "የተመልካች ብዛት፦ 300" ብዬ ከሞላሁ ቢሮው ይደሰታል። ውሸትም አይሆንም። በጣም ያናደደኝ ይኼ ነው።

ረቡዕ፣ እዚያው

ጠዋት ወደ ጤና ኬላው ሄድኩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛዋ ትላንት ከኋላ ቆማ ነበር። ይቅርታ ልጀምር ስል አቋረጠችኝ።

"ፊልሙ መጥፎ አይደለም" አለች። "ግን ለእነሱ አልተሰራም። ብር ለሚሰጥ ሰው ነው የተሰራው።"

ቁጭ ብዬ አሰብኩት። እውነቷን ነው። ለጋሽ የሚያይ ፊልም ማስደንገጥ አለበት። ሩቅ ያለ ሰው፣ ምንም የማያውቅ ሰው ነው የሚያየው፤ ካልደነገጠ ቻናል ይቀይራል። ይህን አልንቅም። እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ አዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ታካሚዎች የወጣው ዘጋቢ ፊልም ውጭ አገር ስንቱን ሰው ስለ ሆስፒታሉ እንዳሳወቀ የታወቀ ነው። የታማሚው መንደር ግን መደንገጥ አይጎድለውም። እግሩ ሁልጊዜ ከሱ ጋር ነው። የጎደለው "ታዲያ ምን ላድርግ?" የሚለው ነው። ውሃው ምን ያህል፣ ሳሙናው የቱ፣ ጫማው ከየት።

ሕንድ ውስጥ ዲጂታል ግሪን የሚባል ድርጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ባንጋሎር ከማይክሮሶፍት የምርምር ክፍል የተነሳ ነው፤ በኋላ ለብቻው ወጥቶ እዚህም ከግብርና ሚኒስቴርና ከልማት ሰራተኞች ጋር ሰርቷል። ዘዴው ቀላል ነው። የአካባቢው ገበሬ በራሱ ማሳ ላይ ይቀረጻል፤ ፊልሙ አጭር ነው፤ በእጅ በምትያዝ ፕሮጀክተር ለትንሽ ቡድን ይታያል፤ መሐል ላይ ይቆምና ጥያቄ ይጠየቃል። መስራቹ ደጋግሞ የሚያወራው አንድ ነገር አለ። ገበሬዎቹ ቪዲዮ ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ዘሩ ወይም ስለ ማዳበሪያው አይደለም። "ሰውየው ማነው? የየት መንደር ነው?" ነው የሚሉት። ይህን ካነበብኩ ዓመታት አልፈዋል። ስልጠና ላይ እኔ ራሴ በፓወር ፖይንት አሳይቼዋለሁ። ትላንት ግን ረሳሁት።

ከሰዓት አዛውንቱ ቤት ሄድን። ቡና ተፈላ። ይቅርታ ጠየቅኩ። አዛውንቱ የተናደዱ አይመስሉም፤ ይልቅ ስለ ልጅ ልጃቸው አወሩኝ። ትምህርት ቤት ባዶ እግሯን ነው የምትሄደው። ጫማ አላት፤ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው የምታወጣው። "ጫማው እንዳያልቅ" አሉ። እዚህ ጋ ማንም ፊልም ሰሪ ያላሰበው ነገር አለ። የእኛ ፊልም "ጫማ ያድርጉ" ይላል። ጫማ ያላቸው ሰዎች ለምን እንደማያደርጉት አይጠይቅም።

ለነገ ጥያቄ ጻፍኩ። ሦስት ብቻ።

ሐሙስ፣ ትምህርት ቤቱ

ዛሬ የተለየ አደረግን። ማታ ተውነው። ማታ ፊልም ያምራል፤ ግን ሴቶቹ ጨለማ ውስጥ መመለስ ይከብዳቸዋል፤ የመጡትም መሐሉ ላይ ይነሳሉ። የቀን ብርሃን ደግሞ ፕሮጀክተር ይገድላል። ስለዚህ አንድ ክፍል ለመንን። ርዕሰ መምህሩ ፈቀዱ። መስኮቶቹን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈንናቸው። ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ግን ይታያል።

ሞንታርቦ የለም። የተጠራው ሠላሳ ሰው ብቻ ነው፤ ታማሚዎች ከቤተሰቦቻቸው ጋር። ማንም ፊት አልተቀመጠም፤ ሁሉም ደስ ያለው ቦታ ያዘ። ልጆቹን ሾፌሩ ውጭ በመኪናው ሬዲዮ ያዙልን። እኔ ማይክ አልነካሁም። የጤና ኤክስቴንሽን ሰራተኛዋ ነች የመራችው፣ በወላይትኛ፤ እኔ ጎኗ ቆሜ አንድ ወጣት በጆሮዬ ይተረጉምልኛል።

የ11 ደቂቃዋ ፊልም እንዲህ ትጀምራለች። አንዲት ሴት ከቤቷ ደጃፍ ሳፋ ይዛ ትወጣለች። በቃ። እግር ገና አይታይም። ሳፋውን ታስቀምጣለች፤ በርጩማ ትስባለች፤ ልጇን ውሃ አምጪ ትላለች። ልጇ ታጉረመርማለች። ክፍሉ ውስጥ ሳቅ ሆነ። ያ ሳቅ ከማክሰኞው ሳቅ ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ማቆሚያ ላይ ሰራተኛዋ "ምን አያችሁ?" አለች። ከኋላ አንዲት እናት፦ "የማን ልጅ ናት?" ወጣቱ ሲተረጉምልኝ ልስቅ ነበር። ሕንድና ወላይታ አንድ ጥያቄ! የአባቷ ስም ተነገረ፤ መንደሯ ተነገረ። ሁለት ሰው አወቃት። "እሷማ እግሯ እንደ እኔ ነበር፤ ገበያ አትመጣም ነበር" አለች አንዷ። ከዚያ በኋላ ፊልሙ የእኛ አልነበረም።

ሁለተኛው ማቆሚያ መታጠቡ ላይ ነው። እግር አሁን ይታያል፤ ግን ውሃ ውስጥ ነው፣ እጅ እያሸው ነው፣ ተመልካቹ የሚያየው ሥራውን ነው። ሳሙና፣ ውሃ፣ ትንሽ በረኪና፤ ከዚያ ማድረቅ፣ በተለይ የጣቶቹን መሐል፤ ከዚያ ቅባት። ምሥራቅ ጎጃም ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ይህ ቀላል እንክብካቤ እግሩ ድንገት የሚግልበትንና ሰውየው በትኩሳት የሚወድቅበትን ጊዜ ይቀንሳል። ይህንን ግን ማንም አልጠየቀም። የጠየቁት "በረኪናው ስንት ክዳን?" ነው። ፊልሙ "ትንሽ" ይላል። ትንሽ ማለት ስንት ነው? አንዷ በግምት አብዝታ ቆዳዋ ተቃጥሎ ሁለተኛ አልሞከረችውም። ሰራተኛዋ ክዳኑንና ሳፋውን አምጥታ እዚያው ለካች። ፊልሙ አስራ አምስት ደቂቃ ቆሞ ቀረ። ሳፋው ከአቡጀዴው ፊት ነው፤ በአቡጀዴው ላይ ያለችው ሴት እጇን ውሃ ውስጥ እንደነከረች ቀጥ ብላ ቀርታለች። ቀጣዩ ፊልም ላይ የክዳኑ ቁጥር ይግባ ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ሦስተኛው ጥያቄ የጫማው ነበር። "ጫማ እያለን ለምን አናደርግም?" ዝም። ከዚያ ጎረፈ። ጭቃ ያበላሸዋል። እርሻ ላይ ይከብዳል። ያበጠ እግር ከሱቅ ጫማ አይገባም። እዚህ ጋ ከጥግ የነበረ አንድ ሰው ተነሳ። ጫማ ሰፊ ነው፤ እሱም ታሞ ነበር። እግር ለክቶ ሰፋ ያለ ጫማ ይሰፋል። ቦታውን ነገራቸው፤ ዋጋውን ተናገረ፤ ወዲያው ድርድር ተጀመረ። እኔ አልቆጣጠርኩም።

አዛውንቱ ስንወጣ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ነበር። ጫማዋ እግሯ ላይ ነው። ለፊልሙ ክብር ይሁን ለሌላ አላውቅም። "ጋላታይስ" አሉኝ። አመሰግናለሁ ማለት ነው። "ሳሮ" ከሚለው ሰላምታ ቀጥሎ የተማርኩት ሁለተኛ ቃል።

ዓርብ፣ ሁለት ቀበሌ

በአንድ ቀን ሁለት ቦታ። ጠዋት ጥሩ ነበር፤ ብዙ የሚጻፍ የለም። ከሰዓት ያልተጠበቀ ዝናብ መጣ፤ የክፍሉ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ፊልሙ ድምፅ አልባ ሆነ። ሰራተኛዋ ራሷ ተረከችው። ይሻል ነበር ማለት ይቻላል።

ደግሞ አንድ ነገር። ፕሮጀክተር ሲያዩ ብዙዎቹ የኢየሱስ ፊልም ነው ብለው ይመጣሉ። እዚህ አገር ሜዳ ላይ የሚታየው በአብዛኛው እሱ ነው። የመዘምራን ልብስ የለበሱ ወጣቶች ተሰልፈው ደረሱ። "ስለ እግር ነው" ስንላቸው ተያዩ። አንዱ "ኢየሱስም እግር አጥቧል" አለና ገብተው ተቀመጡ።

ቢሮ ደወለ። ትልቁን ፊልም ስንት ቦታ እንዳሳየን ጠየቁኝ። "አንድ" አልኩ። ዝምታው ረጅም ነበር። የስንት ሰው ፎቶ አለህ አሉኝ። አቡጀዴውን ፎቶ አንስቻለሁ አልኩ፤ ሰው አላነሳሁም። ሰኞ ቢሮ ስገባ የሚጠብቀኝን አውቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ሶዶ

ከመመለሳችን በፊት ገበያ ወጣሁ። ዳጣ በርበሬ ለቤት፣ ቅቤ ለሾፌሩ ባለቤት።

ትላንት አንድ ወጣት "ፊልሙን በስልክ ላክልኝ" ብሎኝ ነበር። ልኬለታለሁ። ያ ነገር ሃሳብ ሰጠኝ። መናኸሪያው አጠገብ ሜሞሪ የሚሞሉ ሱቆች አሉ። ገጠሬው ስልኩን ይዞ ይመጣል፤ ዘፈን፣ መዝሙር፣ ቀልድ ይጫንለታል። ወደ አንዱ ገባሁ። ልጁ የጆሮ ማዳመጫ አንገቱ ላይ ጥሎ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጧል። ፍላሹን ሰጠሁት።

"ዘፈን ነው?"

"አይደለም። ስለ ዝሆኔ ነው። በወላይትኛ።"

ከፈተው። ሴትዮዋ ሳፋ ይዛ ወጣች። ልጇ አጉረመረመች። ልጁ ፈገግ አለ። ሦስት ደቂቃ ያህል ሳይናገር አየ፤ ደንበኛ እየጠበቀው ነው።

"ይህቺን ሴት አውቃታለሁ እኮ" አለ። "የአክስቴ ጎረቤት ናት።"

ኮፒ አደረገው። "መዝሙር" የሚል ፎልደር ውስጥ ከተተው። ለምን እዚያ ብዬ ጠየቅኩት።

"እዚያ ካልከተትኩት ማን ይወስደዋል?" አለኝና ወደ ደንበኛው ዞረ።